ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ፦ የሦስት ኖድ ክላስተርን በቲኤልኤስ የመጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ

ሦስት ሰርቨሮች አንድ ሥራ ተካፍለው ሲሠሩ (አብረው ክላስተር፣ እያንዳንዳቸው ኖድ ወይም አባል ይባላሉ) ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ኮምፒውተር ይመስላሉ። በውስጥ ግን ሌት ተቀን ይነጋገራሉ፤ መሪ ይመርጣሉ፣ አንዱ የጻፈውን ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ በሕይወት መኖራቸውን በየቅጽበቱ ይጠያየቃሉ። ይህን ንግግር የሚያዳምጥ ሰው የይለፍ ቃላችሁን ያነባል። መሃል መግባት የቻለ ደግሞ የአባል ስም ለብሶ መረጃውን ራሱን ይለውጠዋል። ይህን የሚከለክለው ቲኤልኤስ ነው፤ ንግግርን የሚያመሰጥርና የተነጋጋሪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት።

«የውስጥ ኔትወርክ ነው፤ ማን ይገባበታል?» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት ከኤድዋርድ ስኖደን ሰነዶች ተነስቶ እንደዘገበው፣ የአሜሪካና የብሪታንያ የስለላ ተቋማት የጎግልንና የያሁን የመረጃ ማዕከላት እርስ በርስ የሚያገናኙ መስመሮችን ጠልፈው ነበር። ከተጠቃሚው እስከ ኩባንያው በር ያለው መንገድ ቢመሰጠርም ከበሩ ወዲህ ያለው ገና ሙሉ በሙሉ አልተመሰጠረም ነበር። ለትንሽ ክላስተር ደግሞ የስለላ ተቋም አያስፈልግም፤ ቫይረስ የገባበት አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ወይም ስዊች ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ይበቃል።

ለምሳሌ የምንይዘው ኢትሲዲን ነው። ኢትሲዲ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚስማሙበትን መረጃ የሚይዝ የተከፋፈለ ማከማቻ ሲሆን፣ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ሙሉ ሁኔታውን የሚያስቀምጠው እዚህ ነው። ኩበርኔቲስ «ሲክሬት» ብሎ የሚይዛቸውን የይለፍ ቃላት እንኳ ካልታዘዘ በቀር ሳያመሰጥር ነው ኢትሲዲ ውስጥ የሚያኖራቸው። ስለዚህ ኢትሲዲን ያገኘ ሁሉንም አገኘ ማለት ነው። መርሁ እንደ ካፍካ፣ ካሳንድራና የፖስትግሬስ ቅጂዎች ላሉ ሌሎች የመረጃ ሥርዓቶችም ያው ነው፤ የሚለያየው የማዋቀሪያ ፋይሉ ቃላት ብቻ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት

ማን ለማን፣ በየትኛው ፖርት እንደሚደውል ጻፉ። በእኛ ምሳሌ ማሽኖቹ 10.20.0.11፣ 10.20.0.12 እና 10.20.0.13 ናቸው። አባላቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በፖርት 2380 ነው። መረጃ የሚጽፉና የሚያነቡ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ደንበኞች፣ የሚመጡት በ2379 ነው። ፋየርዎሉም ከዚህ ወረቀት ይወለዳል፦ 2380 ለሦስቱ አድራሻዎች ብቻ፣ 2379 ስማቸው ለተጻፈ ደንበኞች ብቻ፣ ለሌላው ሁሉ ዝግ።

ፋየርዎል ግን አድራሻ እንጂ ማንነት አያውቅም። በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ መስረቅ ከባድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ሲደውልም ሲደወልለትም መታወቂያ ማሳየት አለበት። በተለመደው የድረ ገጽ ቲኤልኤስ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ወገን ያሳያል። ባለሙያዎች ሙችዋል ቲኤልኤስ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰዓት፦ ብዙዎች የሚወድቁበት ደረጃ

ማሽኑ የሚያሳየው መታወቂያ ሰርቲፊኬት ይባላል፤ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጊዜም ተጽፎበታል። ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ትክክለኛውን ሰርቲፊኬት «ገና አልጀመረም» ወይም «አልፎበታል» ብሎ ይመልሰዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ የተለመደ ችግር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ከሞተች፣ ማሽኑ ኃይል አጥቶ ሲነሳ ቀኑ ዓመታትን ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሦስቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ጠፍተው ከተነሱ ደግሞ ማንም ማንንም አያምንም፤ ክላስተሩም አይነሳም።

በሦስቱም ላይ ሰዓት የሚያስተካክለውን ፕሮግራም፣ ክሮኒን፣ ጫኑ፤ ሲነሳ ትልቅ ልዩነት ካገኘ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ እንዲያዘልል ፍቀዱለት። «ሜክስቴፕ 1.0 3» የሚለው መስመር ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ውስጥ እንዲዘልል ያዛል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሦስቱ የሚመለከቱት አንድ የሰዓት ምንጭ ከውስጥ ይኑራቸው። ከዚያ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ በኩል ኢትሲዲ ሰዓቱ ሳይስተካከል እንዳይነሳ እዘዙ።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር፦ የሰርቲፊኬት ሰዓት ሁልጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚጻፈው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያልቅ ሰርቲፊኬት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ሁሉም በተኛበት ሰዓት። ቀኑንም ለተረኛ ስታስተላልፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.። «በ2018 ያልቃል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ አንዱን «ገና ነው»፣ ሌላውን «አልፏል» ያሰኘዋል።

ሰርቲፊኬት ሰጪውን ማቋቋም

ሰርቲፊኬት ሰጪ፣ በአጭሩ ሲኤ፣ ለማሽኖቹ መታወቂያ የሚፈርም አካል ነው። ለውስጥ ክላስተር ከውጭ ኩባንያ መግዛት አያስፈልግም፤ ራሳችሁ አቋቁሙት። ግን ሁለት ይሁኑ፦ አንዱ ለአባላት፣ ሌላው ለደንበኞች። አንድ ብቻ ከሆነ ኢትሲዲ በ2380 በኩል «ይህ ሰርቲፊኬት በማምነው ሲኤ ተፈርሟል?» ብሎ ሲጠይቅ የአንድ ተራ ፕሮግራም የደንበኛ ሰርቲፊኬትም ያልፋል። ያንን ፕሮግራም የጠለፈ ሰው በአባላት በር ገባ ማለት ነው። ለሁለተኛው ሲኤ የምታወጡት 10 ደቂቃ በኋላ ብዙ ያድናችኋል።

ሥራውን ከክላስተሩ ውጭ፣ ቢቻል ኔትወርክ በሌለው ላፕቶፕ ላይ፣ ቁልፍና ሰርቲፊኬት በሚፈጥረው ፕሮግራም በኦፕንኤስኤስኤል ሥሩ፦

1. ለእያንዳንዱ ሲኤ ፒ-256 የተባለውን ዓይነት የግል ቁልፍ (ፊርማ የሚፈርምበትን ምስጢራዊ ፋይል) ፍጠሩና በጠንካራ የይለፍ ሐረግ አመስጥሩት።
2. ራሱን በራሱ የፈረመ የሲኤ ሰርቲፊኬት አውጡ። የ10 ዓመት ዕድሜ ለሲኤ የተለመደ ነው። ሲኤ መሆኑን የሚገልጸውን ምልክት «እውነት» አድርጉ፤ የመንገድ ርዝመቱን 0 አድርጉ። ዜሮው ከእሱ ሥር ሌላ ሲኤ እንዳይወለድ ይከለክላል።
3. የግል ቁልፎቹን በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡና በተለያየ ቦታ ቆልፉባቸው። ወደ ሰርቨሮቹ የሚሄደው የሲኤው ሰርቲፊኬት ብቻ ነው። የሲኤ የግል ቁልፍ ክላስተሩ ላይ ከተገኘ ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆኗል፤ ያገኘው ሰው የፈለገውን ማሽን መታወቂያ ይፈርማል።

ለእያንዳንዱ ማሽን ቁልፍና ሰርቲፊኬት

የግል ቁልፍ በተወለደበት ማሽን ይኑር። በላፕቶፕ ላይ የሦስቱንም ፈጥሮ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አታድርጉት። እያንዳንዱ ሰርቨር ቁልፉን ራሱ ይፍጠር፣ የፊርማ ጥያቄ ያዘጋጅ፣ እናንተም ጥያቄውን ብቻ ወደ ሲኤው ላፕቶፕ ወስዳችሁ የተፈረመውን መልሱ።

በየማሽኑ ሁለት ሰርቲፊኬት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለ2380 በአባላት ሲኤ የተፈረመ፣ ሌላው ለ2379 በደንበኞች ሲኤ የተፈረመ። በሁለቱም ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦

- የማሽኑ ስምና አይፒ አድራሻ፣ «ሰብጀክት ኦልተርኔቲቭ ኔም» በሚባለው መስክ ውስጥ። ባለሙያዎች ሳን ይሉታል። በ2379ኛው ላይ 127.0.0.1ንም (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበትን አድራሻ) ጨምሩ፤ በማሽኑ ላይ ሆናችሁ በትእዛዝ መስመር ስትጠቀሙ ያስፈልጋል።
- የአጠቃቀም ምልክት ሁለቱም፣ ለሰርቨርም ለደንበኛም። የኢትሲዲ አባል ለሌላው አባል ሲደውል ደንበኛ፣ ሲደወልለት ሰርቨር ነው። በ2379 በኩልም ኢትሲዲ በውስጡ ባለው የኤችቲቲፒ መግቢያ አማካይነት ራሱን እንደ ደንበኛ ስለሚጠራ የሰርቨር ምልክት ብቻ ያለው ሰርቲፊኬት ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) በስህተት ይሞላዋል።
- የ90 ቀን ወይም ቢበዛ የ1 ዓመት ዕድሜ።

ኦፕንኤስኤስኤል እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። በፊርማ ጥያቄው ውስጥ ሳን በትክክል ጽፋችሁ ስትፈርሙ፣ ቀላሉ የመፈረሚያ ትእዛዝ ያንን መስክ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሰርቲፊኬቱ ይወጣል፣ ስህተት አይታይም፣ ስም ግን የለበትም። መፍትሔው ስትፈርሙ ተጨማሪ መስኮቹን የያዘ ፋይል አብሮ መስጠት ነው። ከኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ወዲህ መስኮቹን ከጥያቄው እንዲገለብጥ የሚያዝ አማራጭም አለ። የትኛውንም ብትጠቀሙ ከፈረማችሁ በኋላ ሰርቲፊኬቱን በጽሑፍ መልክ አውጥታችሁ ሳን መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ኢትሲዲ የተጻፈበት የጎ ቋንቋ ሳን የሌለውን ሰርቲፊኬት አይቀበልም። ድሮ ስም የሚጻፍበት «ኮመን ኔም» የተባለው መስክ ለአስተናጋጅ ስም ማረጋገጫነት በጎ 1.15 በነባሪነት ቀረ፤ በ1.17 ደግሞ ጭራሽ ተነሳ። የቆዩ መመሪያዎችን የሚከተል ሰው የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው።

ፋይሎቹን ለኢትሲዲ ብቻ በተለየ ማውጫ ውስጥ አስቀምጡ። የማውጫው ፈቃድ 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚገባበት)፣ የግል ቁልፉ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው)፣ ባለቤቱ ኢትሲዲ የሚሠራበት ተጠቃሚ ይሁን። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ ገልብጣችሁ ባለቤቱን መቀየር ከረሳችሁ ኢትሲዲ ቁልፉን ማንበብ አቅቶት አይነሳም። በዚያን ጊዜ ብስጭት ውስጥ ሆኖ ፈቃዱን 777 ማድረግ ቁልፉን ለሁሉም አንባቢ መስጠት ነው።

ማብራት

ክላስተሩ ከዚህ በፊት ሥራ ላይ ከነበረ መጀመሪያ የመረጃውን ቅጽበታዊ ቅጂ ውሰዱ፤ ለተጠቃሚዎችም የማቋረጫ ሰዓት አሳውቁ። ከሦስት አባላት ለውሳኔ 2 ስለሚያስፈልጉ ሁለቱ ባልተግባቡበት ቅጽበት መጻፍ ይቆማል።

የኢትሲዲ ማዋቀሪያ ፋይል ለዚህ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ለደንበኞች፣ አንዱ ለአባላት። በእያንዳንዱ ውስጥ አራት መስመር ትጽፋላችሁ፦ ሰርቲፊኬቱ ያለበት መንገድ፣ የግል ቁልፉ ያለበት መንገድ፣ የሚታመነው ሲኤ ያለበት መንገድ፣ እና የደዋዩ ሰርቲፊኬት ይፈተሽ የሚለው ምልክት «እውነት»። አራተኛውን አትርሱ፤ ደዋዩ መታወቂያ እንዲጠየቅ በግልጽ የሚያዘው እሱ ነው።

ከዚያ የማዳመጫና የማስታወቂያ አድራሻዎችን ሁሉ ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ (ቲኤልኤስ ወዳለው) ቀይሩ። አንዱ አድራሻ በድሮው ኤችቲቲፒ ከቀረ ኢትሲዲ አይቆምም፤ «አድራሻው ኤችቲቲፒ ስለሆነ የተሰጠኝን ሰርቲፊኬትና ቁልፍ ትቼዋለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሎጉ ላይ ጥሎ ሳያመሰጥር ሥራውን ይቀጥላል። ሎጉን ያላየ ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ ለወራት ይቀመጣል።

በነባር ክላስተር ላይ «ኢኒሻል» በሚል ቃል የሚጀምሩት ቅንብሮች የሚሠሩት ክላስተሩ ሲወለድ ብቻ መሆኑንም አስታውሱ። ፋይሉ ላይ ብትቀይሯቸው አባላቱ የድሮውን አድራሻ ይዘው ይቆያሉ። የየአባሉን አድራሻ የአባል ማሻሻያ ትእዛዙን ተጠቅማችሁ አንድ በአንድ መቀየር አለባችሁ።

ራሱ ሰርቲፊኬት የሚፈጥር «ኦቶ ቲኤልኤስ» የሚል ምቹ ቅንብርም አለ። ለሙከራ ይሁን፤ ለሥራ ግን አይሁን። ያመሰጥራል፣ ማንነት ግን አያረጋግጥም። ከማን ጋር እንደምታወሩ ሳታውቁ በሹክሹክታ እንደማውራት ነው።

የተከለከለው በእርግጥ መከልከሉን መፈተሽ

ክላስተሩ ተነስቶ ጤነኛ መሆኑን ማየት ግማሽ ፈተና ነው። ጤነኛ ክላስተር ክፍት ክላስተርም ሊሆን ይችላል። ሌላው ግማሽ መግባት የሌለበት ሰው ሆኖ መሞከር ነው።

መጀመሪያ ያለ ሰርቲፊኬት በ2379 እና በ2380 ደውሉ። በኦፕንኤስኤስኤል የሙከራ ደንበኛ ስትሞክሩ ቲኤልኤስ 1.3 ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ሰላምታው (ሁለቱ ወገኖች የሚተዋወቁበት የመጀመሪያ ልውውጥ) ተጠናቆ «ተገናኝቷል» ይላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በዚህ ስሪት ደንበኛው በበኩሉ ሰላምታውን ጨርሶ ነው ሰርቨሩ ሰርቲፊኬቱን አይቶ የሚፈርደው፤ ስለዚህ እምቢታው የሚደርሰው ቀጥሎ ለማንበብ ስትሞክሩ ነው። አንድ መስመር ላኩና ጠብቁ። ቁጥር 42 ወይም 116 የሆነ የቲኤልኤስ ማንቂያ መጥቶ መስመሩ ከተቆረጠ ትክክል ነው። መልስ ከመጣ በሩ ክፍት ነው።

ሁለተኛ፣ ለሙከራ ሌላ ሲኤ ፍጠሩና በእሱ በተፈረመ ሰርቲፊኬት ሞክሩ። ሦስተኛ፣ በእውነተኛ የደንበኛ ሰርቲፊኬት በ2380 ደውሉ፤ ሁለቱን ሲኤዎች በትክክል ለይታችሁ ከሆነ ይህም መመለስ አለበት።

አራተኛው በዓይን የሚታይ ነው። ከሌላ ቦታ የማይገኝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 7391846205ን፣ በአንድ ቁልፍ (እዚህ ላይ መረጃው የሚጠራበት ስም ነው) ሥር ኢትሲዲ ውስጥ ጻፉ። በዚያው ጊዜ በመሪው ማሽን ላይ ትራፊክ በሚቀዳው ፕሮግራም በቲሲፒዳምፕ በ2380 የሚያልፈውን ትራፊክ ያዙና ቁጥሩን ፈልጉ። ቲኤልኤስ ከመብራቱ በፊት ብትሞክሩት ቁጥሩ ፍንትው ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ከበራ በኋላ መገኘት የለበትም። ይህን ሙከራ በፊትም በኋላም ማድረግ ጥሩ ነው፤ በፊት ያላገኛችሁት ቁጥር በኋላ አለመገኘቱ ምንም አያስረዳም።

ሎጉ ሲጮህ ምን ማለቱ ነው

«በማይታወቅ አካል የተፈረመ» ሲል ሰርቲፊኬቱን የሚፈትሸው ወገን የያዘው የሲኤ ፋይል ከፈራሚው ጋር አይገጥምም። ሁለት ሲኤ ሲኖር በጣም የተለመደው ምክንያት ፋይሎቹ ቦታ መቀያየራቸው ነው።

«ጊዜው አልፏል ወይም ገና አልጀመረም» የሚለው አንድ መልእክት ለሁለት ተቃራኒ ችግሮች ነው የሚወጣው። ከጎኑ ማሽኑ «አሁን» የሚለው ሰዓት ተጽፏል፤ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። አሁን የሚለው ዓመት ያለፈ ዓመት ከሆነ ጥፋቱ የሰርቲፊኬቱ ሳይሆን የባትሪዋ ነው።

«የማይስማማ የቁልፍ አጠቃቀም» ማለት ከሁለቱ የአጠቃቀም ምልክቶች አንዱ ጎድሏል ማለት ነው፤ እንደገና ፈርሙ።

በጣም የሚያደክመው ግን ሰርቲፊኬቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ አባሉ ሲባረር ነው። ኢትሲዲ ከ3.2 ጀምሮ በአባሉ ሰርቲፊኬት ሳን ውስጥ አይፒ ካለ፣ ጥሪው የመጣበት አድራሻ ከእነዚያ ከአንዱ ጋር መግጠሙን ይፈትሻል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው ሰርቨር በሁለተኛው ካርዱ ከወጣ፣ ወይም መሃል ላይ አድራሻ የሚለውጥ ራውተር ካለ፣ ጥሪው ከማይታወቅ አድራሻ ይመጣና ይመለሳል። ሎጉ ላይ የተመለሰውን አድራሻ ተመልከቱ። የማሽኑ እውነተኛ አድራሻ ከሆነ ሳን ውስጥ ጨምሩት፤ የራውተሩ ከሆነ መንገዱን አስተካክሉ።

ከገባ በኋላ ምን ይፈቀድለታል

ሰርቲፊኬት «ይህ ማን ነው» ለሚለው እንጂ «ምን ያድርግ» ለሚለው መልስ አይሰጥም። የኢትሲዲን የፈቃድ ሥርዓት ስታበሩ በደንበኛው ሰርቲፊኬት ላይ ያለው ኮመን ኔም የተጠቃሚ ስም ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለየፕሮግራሙ የራሱን ሰርቲፊኬት ስጡና የሚያነበውንና የሚጽፈውን የመረጃ ቁልፎች ክልል ወስኑለት። አምስት ፕሮግራሞች አንድ ሰርቲፊኬት ከተጋሩ፣ አንዱ ሲጠለፍ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ለመዝጋትም አምስቱን ማቆም ይጠይቃል።

ማደስ

ብዙ ክላስተሮች የሚወድቁት በጠላፊ ሳይሆን በተረሳ ቀን ነው። በኩቤድም (የኩበርኔቲስ መትከያ መሣሪያ) የተተከለ ኩበርኔቲስ የማሽን ሰርቲፊኬቶቹ በነባሪነት 1 ዓመት፣ ሲኤው 10 ዓመት ይቆያሉ። ሥሪቱ ሲሻሻል አብረው ይታደሳሉ፤ ዓመት ሙሉ ያልተሻሻለ ክላስተር ግን በዓመቱ ቀጥ ይላል።

ማደሻ ቀኑ ከማለቂያው 30 ቀን በፊት ይሁን፤ ሥራውን ፕሮግራም ይሥራው፣ ሰው ደግሞ ማንቂያ ይድረሰው። ኢትሲዲ የራሱን ሰርቲፊኬትና ቁልፍ በየአዲሱ ግንኙነት ከፋይሉ ስለሚያነብ እንደገና ማስነሳት አያስፈልግም፤ መተካት ይበቃል። ግን አዲሱ ሰርቲፊኬት ተጽፎ አሮጌው ቁልፍ ባልተለወጠበት ቅጽበት የሚመጣ ግንኙነት ይወድቃል። ስለዚህ አዲሶቹን በሌላ ማውጫ አዘጋጁና የሚያመለክተውን ሊንክ በአንድ ጊዜ አዙሩት።

የአንድ ማሽን ቁልፍ ከተሰረቀ ማደስ ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌው ሰርቲፊኬት ቀኑ እስኪያልቅ የሚታመን ነው። የተሰረዙ ሰርቲፊኬቶች ዝርዝር አዘጋጁና ለኢትሲዲ በየክፍሉ ስጡት፣ አባሉንም አስወጥታችሁ በአዲስ ቁልፍ መልሳችሁ አስገቡ። የ90 ቀን ዕድሜ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ የተሰረቀው ቁልፍ የሚጎዳበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ሲኤውን መቀየር ሦስት ዙር ይጠይቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክላስተሩ ለሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ዙር የአሮጌውንና የአዲሱን ሲኤ ሰርቲፊኬት በአንድ ፋይል አጣምራችሁ በሁሉም አባላትና ደንበኞች ላይ አስቀምጡ። የሲኤው ፋይል እንደ ማሽኑ ሰርቲፊኬት በየግንኙነቱ ስለማይነበብ አባላቱን አንድ በአንድ አስነሱ፤ አንዱ ጤነኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ቀጣዩን አትንኩ። በሁለተኛው ዙር የማሽኖቹንና የደንበኞቹን ሰርቲፊኬቶች በአዲሱ ሲኤ አስፈርሙ። በሦስተኛው አሮጌውን ሲኤ ከፋይሉ አውጡና እንደገና አንድ በአንድ አስነሱ። ከዚያ በአሮጌው ሲኤ በተፈረመ ሰርቲፊኬት በሁለቱም ፖርቶች ደውሉና መመለሱን እዩ።